የኤክሴል ማክሮ መቅጃ ለቅርጾች፦ ለመነሻ ያህል ጥሩ ነው
የ2007ቱ ኤክሴል ማክሮ መቅጃ (የምንሠራውን እየተከታተለ ወደ ኮድ የሚቀይረው መሣሪያ) ቅርጽ ላይ የምንሠራውን አይመዘግብም ነበር፤ ከ2010 ወዲህ ግን ቀለሙንም የመስመሩን ውፍረትም ይይዛል። ሆኖም የሚጽፈው ኮድ ቅርጹን በስሙ ፈልጎ «ሴሌክት» ስለሚያደርግ (ስለሚመርጥ)፣ ያ ስም የሌለበት ሺት ላይ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። ኦልትና ኤፍ11 ተጭነው ኮዱን ይክፈቱ፤ ሴሌክቱን አጥፍተው የሺቱን ቅርጾች አንድ በአንድ በሚያልፍ ሉፕ ይተኩት። የእያንዳንዱ ታይፕ 1 (ተራ ቅርጽ ማለት ነው) መሆኑንም በኮዱ ያስፈትሹ፤ አለዚያ ፎቶውም በተኑም አብሮ ይነካል።

ቀለም በአርጂቢ ፈንክሽን (የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠንን በቁጥር በሚቀበለው) ይስጡ። ከድረ ገጽ የተቀዳ ሄክስ (የቀለም ኮድ) እንዳለ ከገባ ቀይና ሰማያዊው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ቀይ ይሁን ያሉት ሳጥን ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ ይላል! ፋይሉን በኤክስኤልኤስኤም ያስቀምጡ፤ በተለመደው ኤክስኤልኤስኤክስ ከሆነ ማክሮው አብሮ አይቀመጥም።