የትከሻ ሐኪሙ ጥሩ ነው፣ ወረፋው ይገድላል

የቀኝ ትከሻዬ ሕመም የከፋ መሆኑ የገባኝ ነጠላዬን ወደ ግራ ትከሻዬ መጣል ሲያቅተኝ ነው። ሽሮ ሜዳ ልብስ መስፋት ከጀመርኩ 23 ዓመት ሆነኝ፤ በኛ ሙያ ትከሻ መታመም ብርቅ አይደለም። ይሄ ግን ሌላ ነበር። ቀኑን እንደምንም እውላለሁ፣ ሌሊት በቀኝ ጎኔ ከተገለበጥኩ ግን አለቀ፣ ተነስቼ ቁጭ ነው። ሳማትብ እንኳ እጄ አልነሳ ስለሚል ግንባሬን ወደ እጄ ዝቅ አደርግ ነበር።

እናቴ "ብርድ ነው" አለች። ጎረቤቱም "ብርድ ነው"። ቅቤ ታሸሁ፣ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ገዝቼ ዋጥኩ፣ ወጌሻ ዘንድም ሁለቴ ሄድኩ። "ትንሽ ወለም ብሎታል" ብሎ ሲጎትተው ጩኸቴ ሰፈር አሰማ፤ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ባሰብኝ። በአራተኛው ወር ልጄ ጎትታ ቦሌ አካባቢ ወዳለ የአጥንት ስፔሻሊስት ክሊኒክ ወሰደችኝ። የምወቅሰው ነገር ስላለ ስሙን አልጠራም።

ካርድ 700 ብር። ቀጠሮ ይዘን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ደረስን፤ የገባነው 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። "ዶክተር ኦፕሬሽን ላይ ናቸው" ከማለት በቀር የሚያናግር ሰው የለም። ስኳር አለብኝ፤ ልጄ ሮጣ ሙዝ ባትገዛልኝ እዚያው እዘረር ነበር።

ሐኪሙን ግን እግዜር ይስጠው። ይዤ የሄድኩትን ራጅ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ "እናቴ፣ እስቲ እጅዎን ያንሱ" አለኝ። ከደረቴ አላለፈም። ቀጥሎ ክርኔን ከጎኔ አስጠግቶ ያዘና ክንዴን ወደ ውጭ ሊያዞረው ሞከረ። እንደ ዛገ ማጠፊያ፣ ንቅንቅ የለም። "ጅማት የተበጠሰበት ሰው ራሱ ማንሳት ቢያቅተው ሐኪም ሲያነሳለት አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል፤ የእርስዎ ለእኔም እምቢ ብሏል" አለ። ራጁ ደህና ነበር። ኤምአርአይ ልነሳ ወይ ብለው "አያስፈልግም፣ ገንዘብዎን አያውጡ" አለኝ። እዚህ ከተማ እንዲህ የሚል ስንት አለ?

"ፍሮዝን ሾልደር ይባላል፣ የቀዘቀዘ ትከሻ እንደማለት ነው።" ማታ ይህን ለእናቴ ስነግራት "አላልኩም? ብርድ ነው!" ብላ አጨበጨበች። ብርድ አይደለም፤ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ከረጢት ተቆጥቶ፣ ወፍሮ፣ ተኮማትሮ ነው። ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሴቶች ይበዛል፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ስኳሬን 9 ዓመት ስከታተል ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ሳይሸነግል ነው የነገረኝ፦ መጀመሪያ ያማል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይላቀቃል፤ ሁሉም ተደምሮ ከ1 እስከ 3 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። አሁን መርፌና ፊዚዮቴራፒ። በወራት ካልተሻለ አደንዝዞ ማላቀቅ፣ ወይም በካሜራ ገብቶ ከረጢቱን መቁረጥ አለ፤ "እሱን ግን ዛሬ አናወራም" አለ።

ቅሬታዬ መርፌው ላይ ነው። መገጣጠሚያው ውስጥ ስቴሮይድ የሚባል ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ወጉኝ፤ በሦስተኛው ሌሊት እንቅልፍ የሚባለውን አገኘሁት። ስኳሬ ግን በተወጋሁ ማግስት 310 ገባ። ክሊኒኩ ስደውል ስደውል የሚያነሳ የለም። የስኳር ሐኪሜ ናት "መርፌው ነው፣ በቀናት ይወርዳል፣ እየለካሽ ቆዪ" ብላ ያረጋጋችኝ፤ በአምስተኛው ቀን ወረደ። ስኳር እንዳለብኝ ካርዴ ላይ ተጽፏል። አንድ ቃል ማስጠንቀቅ ምን ነበረበት?

ፊዚዮዋ ልጅ ወርቅ ናት። እጅ አትጎትትም። ጎንበስ ብዬ በግራ እጄ ጠረጴዛ ተደግፌ ቀኙን እንደ ደወል ምላስ ማወዛወዝ፣ ግድግዳ ላይ በጣት ሽቅብ መዳህ፤ ቤት በቀን ሦስቴ ትላለች፣ ሁለቴ አደርጋለሁ። ጣቴ የደረሰበትን በየእሁዱ በልብስ ጠመኔ አሰምራለሁ። የመጀመሪያው መስመር ከስፌት ማሽኑ እምብዛም አይርቅም፤ አሥረኛው የካላንደሩን ሚስማር አልፏል። ነጠላዬን እጥላለሁ። ወደ ኋላ መድረስ ግን ገና ነው፣ የጡት መያዣዬን የምትቆልፍልኝ ልጄ ናት።

ቀጣዩ ቀጠሮ ጥቅምት 12፣ አሁንም 2 ሰዓት ተኩል ብለውኛል። ምሳዬን ቋጥሬ ነው የምሄደው።