የሼትላንድ ሻርፕ ወይስ የኦረንቡርግ?

በእጅ የተሠራ ለስላሳ የሱፍ ሻርፕ የሚፈልግ ገዢ ደጋግሞ የሚያገኛቸው ሁለት ስሞች አሉ፤ አንዱ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያሉት የሼትላንድ ደሴቶች፣ ሌላው በደቡብ ኡራል ያለችው የሩሲያዋ ኦረንቡርግ ናት። የሁለቱም ሥራ እንደ ነጠላ በድርና ማግ የሚሸመን ሳይሆን በሹራብ መርፌ እንደ ዳንቴል እየተፈለፈለ የሚሠራ ሲሆን፣ እጅግ የቀጠነው በጣት ቀለበት ውስጥ ያልፋል።

ልዩነታቸው የሚጀምረው ከጸጉሩ ነው። በሼትላንድ ለቀጭን ሥራ የሚመረጠው ከበጉ አንገት አካባቢ የሚገኘው ለስላሳ ጸጉር ነው። ኦረንቡርግ ግን ፍየሎቿ ለብርድ የሚያበቅሉትን፣ በማበጠሪያ የሚሰበሰበውን የውስጥ ጸጉር ትጠቀማለች፤ ይህም ከ20 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) በታች የቀጠነ ነው። ቆዳን የሚኮሰኩሰው በአብዛኛው 30 ማይክሮን ያህልና ከዚያ በላይ የወፈረ ጸጉር በመሆኑ (የመንዝ በግ ጸጉር ለባናና ለምንጣፍ እንጂ ለአንገት የማይመቸው በዚሁ ምክንያት ነው)፣ አንገታቸው ሱፍ ለማይችል ሰዎች ኦረንቡርግን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ።

ለዘወትር ልብስ ግን ፍርዴ ይለወጣል። የፍየሉ ጸጉር ብቻውን ደካማ ስለሆነ ከሐር ወይም ከጥጥ ክር ጋር ይገመዳል፤ ሻጩ የተገመደበትን ክር በግልጽ መናገር ካልቻለ ዋጋውን መጠራጠር ይገባል። የሼትላንድ ሱፍ በተፈጥሮው የተጠማዘዘና እርስ በርሱ የሚያያዝ በመሆኑ፣ ከሹራቡ የክር ቀለበቶች አንዱ ቢበጠስ እንኳ ሥራው ቶሎ አይተረተርም፤ ነጩ፣ ግራጫውና ቡናማውም ያለ ማቅለሚያ ከበጉ የሚገኙ ቀለሞች ናቸው።

በስሞቹ መታለል ቀላል ነው። «ሼትላንድ» የሚለው ቃል ከደሴቶቹ ላልመጣ ክርም መጠሪያ ሆኖ ስለሚያገለግል፣ ሱፉ የት እንደተሸለተና ሻርፑ የት እንደተሠራ ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። በኦረንቡርግ ስም ደግሞ በማሽን የተሠራም ይሸጣል፤ እውነተኛው አዲስ ሳለ ብዙም ጸጉራም አይመስልም፣ ለስላሳ ጭጋግ የመሰለው ገጹ የሚወጣው ሲለበስ ነው።

አጠባባቸው አንድ ነው፤ ለብ ባለ ውኃ ታጥበው፣ ሳይጨመቁ፣ በመርፌ ቁልፍ ተወጥረው ይደርቃሉ። ቤቱ ለመወጠሪያ የሚሆን ሰፊ ቦታ የሌለው ገዢ፣ ከሼትላንድ ሥራዎች መካከል ያልተፈለፈለውንና ወፈር ያለውን ቢወስድ ይሻለዋል።