ሶኒ ኤምዲአር-7506፦ ስፖንጁን ቀይሩ፣ ሌላውን ባትነካኩት ይሻላል

ሶኒ ኤምዲአር-7506 እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ ላይ ከዋለ ጀምሮ መልኩን ሳይቀይር እስካሁን የሚሸጥ ሄድፎን ነው። ጀርባው ዝግ ነው፣ ጆሮን ዙሪያውን ይከድናል፣ ባትሪም ብሉቱዝም የለውም። በሬዲዮ ጣቢያ፣ በፊልም ቀረጻና በስቱዲዮ ፎቶዎች ላይ የሚታየው ሰማያዊ መስመር ያለበት ጥቁር ሄድፎን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት 100 ዶላር ገደማ ሲሸጥ ቆይቷል። ስለሚታጠፍ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም፤ የሚመጣ ዘመድ ላላቸው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ፍርዳችን ባጭሩ ይህ ነው፦ ድምፁ ለሥራ አስተማማኝ ነው፣ ምቾቱ ግን ለረጅም ሰዓት አይበቃም። ምቾቱን በርካሽ ማሻሻል ይቻላል። ነገር ግን ዝግ ሄድፎን ላይ ጆሮን የሚከበው ስፖንጅ የድምፁ አካል ስለሆነ፣ እሱን የቀየረ ሰው ወደደም ጠላም ድምፁንም ቀይሯል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ለምቾት ብሎ ወፍራም ስፖንጅ ይገዛና «ባሱ ጠፋ፣ ሄድፎኑ ተበላሸ» ይላል።

መጀመሪያ ድምፁ። ስፒከሩ 40 ሚሊሜትር፣ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው 63 ኦም ነው። በትንሽ ኃይል የሚጮህ በመሆኑ ስልክም ላፕቶፕም ያለ ማጉያ በቂ ድምፅ ያወጡለታል። የጃክ ቀዳዳ የሌለው ስልክ ከታይፕ-ሲ ወደ 3.5 ሚሊሜትር የሚቀይር አጭር ገመድ ብቻ ይፈልጋል። ወፍራሙ ድምፅ (ባሱ) አለ፣ ግን አይጋነንም። ቀጭኑ ድምፅ ግን ከልክ በላይ ይወጣል። ለዚህም ነው የማይክ ሹክሹክታ፣ የኤሌክትሪክ እምምታ፣ የተናጋሪው የምላስና የከንፈር ጠቅታ በዚህ ሄድፎን ወዲያው የሚያዘው። ስህተት መፈለጊያ መሣሪያ ነው፤ ዘና ብሎ ሙዚቃ ለማዳመጥ የሚገዛው ሰው ሊያዝን ይችላል።

የአማርኛ ትረካ ወይም ፖድካስት የሚያርም ሰው ቶሎ የሚያስተውለው ነገር አለ፦ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ጸ» ከሌሎቹ ድምፆች ቀድመው ጆሮ ይወጋሉ። ታዲያ ይህን ሰምቶ ፉጨቱን በኃይል የሚቀንስ አርታኢ፣ ሥራው በመኪና ወይም በስልክ ስፒከር ሲከፈት ተራኪው አፉን በጨርቅ የሸፈነ ይመስለዋል። እዚህ ላይ በጥቂቱ የሚወጋ «ሰ» ሌላ ቦታ ትክክለኛ «ሰ» ነው፤ ስለዚህ እንዳለ መተው ነው። በበገና ቀረጻም እንዲሁ ነው፤ ከአውታሩ ጥልቅ ድምፅ ይልቅ እንዚራው (ከአውታሩ ሥር የሚገባው የቆዳ ቁራጭ) የሚፈጥረው ንዝረት ፊት ለፊት ይመጣል።

አሁን ወደ ምቾቱ። ክብደቱ ያለ ገመዱ 230 ግራም ስለሆነ አናት ላይ አይከብድም፤ ጎኑንም በመጠኑ ነው የሚጫነው። ችግሩ የስፖንጁ ስስነት ነው። ጆሮው ወጣ ያለ ሰው የጆሮው ጫፍ ስፒከሩን የሸፈነውን ስስ ክብ ስፖንጅ ይነካዋል፤ ያ ንክኪ ነው ከጊዜ በኋላ ወደ ሕመም የሚቀየረው። የቆዳ መሰሉ ልባስም ላብና የፀጉር ቅባት አይወድም። በየቀኑ የሚሠራበት ሰው ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ጥቁር ቅርፊት ከጆሮውና ከአንገቱ ማራገፍ ይጀምራል። ልባሱ ከተላጠ በኋላ አየር ያሾልካል፣ አየር ካሾለከ ባሱ ይሄዳል። ስለዚህ «ያረጀ 7506 ድምፁ ሳሳ» ሲባል ስፒከሩን ከመጠርጠር በፊት ስፖንጁን ማየት ነው።

የማሾለክ ምርመራው ቀላል ነው። 50 ሄርዝ የሆነ፣ ማለትም በጣም ወፍራም የሙከራ ድምፅ በዝቅታ ክፈቱና የሄድፎኑን ሁለት ጆሮዎች በመዳፍ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ራስ ተጫኑ። ድምፁ በግልጽ ከጨመረ የሚያሾልክ ቦታ አለ። መነጽር የሚያደርግ ሰው አንዴ ከነመነጽሩ፣ አንዴ ያለ መነጽሩ ይሞክረው፤ ልዩነቱ ብዙዎችን ያስደነግጣል። የመነጽሩ ዘንግ ከጆሮ በላይ የሚከፍተው ክፍተት ከማንኛውም የሶፍትዌር ማስተካከያ በላይ ባስ ይወስዳል። መፍትሔው ለስላሳና በዝግታ የሚያብጥ ስፖንጅ ወይም ቀጭን ዘንግ ያለው መነጽር ነው።

የትኛው ስፖንጅ ይሻላል? ሦስት ምርጫ አለ። ከሶኒው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ቀጭን ስፖንጅ ከተገዛ ድምፁ እንደነበረው ይመለሳል፤ ምቾቱም እንደነበረው ነው። ወፍራምና ቆዳ መሰል የሆነው ጆሮን ከስፒከሩ ያርቃል፤ ድምፁ ትንሽ ሰፋ ይላል፣ ጆሮ ግን ይሞቃል። ሦስተኛው የከፋይ ጨርቅ ነው። ቤየርዳይናሚክ ለሌላ ሄድፎኑ የሠራው ኢዲቲ 250 ቪ የተባለው የከፋይ ስፖንጅ 7506 ላይ እንደሚገባ በባለሙያዎች ዘንድ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። ለሞቃት ክፍልና ለረጅም ሰዓት እሱን እንመርጣለን። ከፋይ በተፈጥሮው አየር ስለሚያሳልፍ ከታችኛው ባስ ጥቂት ይወስዳል፣ የውጪውን ጫጫታም እንደ ቆዳው አይከላከልም። አጠገብ ማይክ ተከፍቶ የሚቀዳ ከሆነ ይህ ጉዳት አለው፤ ከሄድፎኑ የሚያመልጠው ድምፅ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ለድምፃዊ ቆዳውን፣ ለአርታኢ ከፋዩን።

ቅያሬው መሣሪያ አይፈልግም። ስፖንጁ ከጀርባው ቀጭን ከንፈር አለው፤ ያ ከንፈር በፕላስቲኩ ዙሪያ ባለው ቦይ ውስጥ ተሰክቶ ነው የሚቆመው። አሮጌውን ከአንድ ጠርዝ በጥፍር ያዙና ወደ ውጪ ገልብጡት፣ ተከትሎ ይወጣል። ሥር ያለው ስስ ክብ ስፖንጅ ካረጀ በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል። ፍርፋሪውን ሄድፎኑን ወደ መሬት ደፍታችሁ በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አንሡት። በአፍም ሆነ በማሽን አየር አትንፉበት፣ አትምጠጡትም፤ የሚርገበገበው የስፒከሩ ሽፋን እጅግ ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ ይሰረጉዳል። ክብ ስፖንጁ ተጥሎ ምትክ ካልገባ ቀጭኑ ድምፅ ይብሳል፤ ከዚህም በላይ ፀጉር ይገባል። አንዲት አጭር ፀጉር ሽፋኑ ላይ ካረፈች ባስ በመጣ ቁጥር የሚያንጫጫ ድምፅ ታሰማለች፤ ሰው ደግሞ ስፒከሩ የተቀደደ ይመስለዋል። ሄድፎኑ «ተቃጠለ» ተብሎ ከመጣሉ በፊት ባትሪ አብርታችሁ ፀጉር ፈልጉ።

አዲሱን ስትሰኩ ከንፈሩን ከላይ በኩል ቦዩ ውስጥ አስገቡና በአውራ ጣት ያዙት፣ ከዚያ ግራና ቀኙን በየትንሹ እየሳባችሁ ወደ ታች ውረዱ። የመጨረሻዋ ሩብ እንቢ ትላለች። እዚያ ላይ ጥፍር ወይም ካቻቢቴ ከንፈሩን ይቀደዋል፤ ሲም ካርድ ተነቅሎ የሚቀረው ፕላስቲክ ግን ጠርዙ ደነዝ ስለሆነ በደንብ ይሠራል። ከገባ በኋላ በጣት ዙሪያውን ዳሱት። አንድ ቦታ ላይ ከንፈሩ ተጣጥፎ ከቀረ በዚያ በኩል ባስ ያንሳል። ሁለቱን ጆሮ በ50 ሄርዙ ድምፅ እንደገና አወዳድሩ፤ ወደ አንዱ ጎን ያደላ ከሆነ አውጥቶ መድገም ነው።

ስፖንጅ ሳይገዛ ጆሮን ማራቅ የሚፈልግ ሰው ከስፖንጁ ሥር ቀለበት ማስገባት ይችላል። ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 6 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለው የስፖንጅ ቅዳጅ ዙሪያውን ብቻ ይነጠፋል፤ ኮላ አያስፈልገውም፣ ስፖንጁ ራሱ ይይዘዋል። ከጆሮ ኋላ በኩል ያለውን ትንሽ ማወፈር ስፒከሩን ወደ ጆሮው ያዘነብለዋል፤ ለአንዳንድ ሰው ይህ ብቻ ሕመሙን ያስቀራል። በስፒከሩ ዙሪያ በስስ ወረቀት የተሸፈነ ትንሽ ቀዳዳ ካያችሁ አትድፈኑት። ባሱን ልክ የሚያስይዘው የአየር መንገድ እሱ ነው።

ቀጭኑን ድምፅ ለማብረድ የሚጠቅመው ነገር እቤት አለ፦ ሶፍት። በስቱዲዮ ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ያማሃ ኤንኤስ-10 የተባለው ነጭ ኮን ያለው ስፒከር ጆሮ ሲወጋባቸው የድምፅ ባለሙያዎች ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ላይ ሶፍት ይለጥፉ ነበር። ድርብ ሶፍቱን ለዩና አንዱን ንብብር በስፒከሩ ልክ 40 ሚሊሜትር ክብ ቁረጡ፣ ከክቡ ስስ ስፖንጅ ሥር አስቀምጡት። በአንድ ንብብር ጀምሩ። ሁለት ንብብር ለአብዛኛው ጆሮ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ድምፁ ይጨልምና ሄድፎኑ የተገዛበት ጥቅም ይጠፋል። ግራና ቀኙ ከአንድ ሶፍት፣ በእኩል ንብብር ይሁን፤ ካልሆነ መሐል መቆም ያለበት ድምፅ ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል።

የማይነካኩ ሰዎች ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክል ሶፍትዌር) ይጠቀሙ። አንድሮይድ ላይ ዌቭሌት፣ ዊንዶውስ ላይ ኢኳላይዘር ኤፒኦ ይሠራሉ። የሌላ ሰውን ቁጥር ከመገልበጥ ይልቅ ኤፒኦ ላይ አንዱን ጠባብ ማስተካከያ 6 ዴሲቤል ከፍ አድርጋችሁ ከ4 እስከ 10 ኪሎሄርዝ ቀስ ብላችሁ ውሰዱት፤ በጣም የሚወጋው ቦታ ላይ አቁሙና ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል ቀንሱ። ያ ቦታ ከጆሮ ጆሮ ይለያያል።

ጎኑን የሚጫነው ሰው መጻሕፍት ላይ ወጥሮ ማሳደር የሚለውን ምክር ይዝለለው፤ ውስጡ ብረት ስለሆነ ጠዋት ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁለቱን ክንዶች እስከ መጨረሻው አውጥቶ ከአናቱ አጠገብ ያለውን ብረት በእጅ በጥቂት በጥቂቱ ማቅናት ይሻላል። መታጠፊያው ላይ ግን ኃይል አይደረግም፤ በአጠገቡ የሚያልፈው ቀጭን ሽቦ የተጋለጠ ነው።

የማንመክረው የውስጥ ሥራውን ነው። ቤቱን ከፍቶ ጥጥ መጠቅጠቅ እዚህ ሄድፎን ላይ የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው፣ የሚበጠሱት ሽቦዎች ግን የፀጉር ያህል ናቸው። ገመዱን የሚነቀል ማድረግም ያጓጓል፤ ሲዘረጋ 3 ሜትር የሚደርሰው ጥምዝ ገመድ ግራ ጆሮን ወደ ታች ይጎትታልና። ግን የውስጡ ሽቦ በቫርኒሽ የተለበጠ ስለሆነ ልባሱ ተቃጥሎ ካልወጣ ሶልደሩ አይዝም፤ የያዘ መስሎ በሳምንቱ ይለቃል። ገመዱ ራሱ ከተበላሸ ምልክቱን ማወቅ ይጠቅማል። አንዱ ጆሮ ከጠፋ የዚያ ጎን ሽቦ ነው። ሁለቱም እየሠሩ የድምፃዊው ድምፅ ጠፍቶ ማጀቢያው ብቻ እንደ ጉድጓድ ከተሰማ የጋራው መሬት ሽቦ ተበጥሷል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከጃኩ አንገት አጠገብ ነው። እዚያ ቆርጦ አዲስ ጃክ ማስበየድ ለማንኛውም የሬዲዮ ጠጋኝ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ መነካካት የማይፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ሌላ ይግዛ። የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ የከፋይ ስፖንጅ ከሳጥኑ እንደወጣ ምቹ ነው፤ ለስልክና ለላፕቶፕ የ80 ኦሙን እንጂ የ250ውን አትግዙ፣ ያለ ማጉያ ድምፁ ያንሳል። የኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲኤች-ኤም50ኤክስ ገመድ ይነቀላል፣ ባሱም ይበረታል፤ ስፖንጁ ግን እሱም ጠበብ ስለሚል ትልቅ ጆሮ ያለው ሰው ሳይሞክር አይግዛው።