የሩስፖሊን ቱራኮ ፍለጋ፦ ከነገሌ ቦረና የተነሣ የሁለት ቀን የወፍ ጉብኝት

ባለፈው ወር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከነገሌ ቦረና ተነሥተን ያደረግነው የወፍ ጉብኝት፣ በአስጎብኚያችን ዕውቀት የተነሣ፣ ከከፈልነው ዋጋ በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የጉዟችን ዓላማ ከሶሪት ወገን የምትመደበውንና በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘውን የሩስፖሊ ቱራኮ ማየት ነበር።

አስጎብኚው ሾላ ሥር አስቀምጦ የነገረን ታሪክ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ጣሊያናዊው አሳሽ ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ወፏን ከሰበሰበ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ስለ ገደለውና የት እንዳገኛት የሚገልጽ ማስታወሻ ስላልተወ፣ የወፍ ተመራማሪው ቶማሶ ሳልቫዶሪ በ1896 ለሳይንስ ስም ሲያወጣላት መኖሪያዋ በትክክል አይታወቅም ነበር። ተመራማሪዎች በዱር ዳግም ያገኟት በ1940ዎቹ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግን የአካባቢው ሰው ድምፅዋን እየሰማ ይኖር እንደነበር አስጎብኚው አጥብቆ አስታወሰን፤ እኔም በዚህ ከልቤ እስማማለሁ።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ የሾላ ፍሬ ስትለቅም አየናት። ነጭ ጉትያዋን አቁማ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሮጠች፤ ለመብረር ክንፏን ስትዘረጋ፣ መዳብ ካለበት ንጥረ ነገር የሚገኘው ደማቅ ቀይ ቀለሟ በአረንጓዴው ቅጠል መካከል ቦግ አለ። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ ለሦስት ሰው የቀረበው ባይናኩላር አንድ ብቻ በመሆኑ ተራ ስንጠብቅ ብዙ አምልጦናል። የምትሄዱ ሰዎች የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ምሳው ደኅና ነበር።