ባሕር ዳር ላይ «ያለ ብሊች ሰማያዊ ፀጉር» ለሚሏችሁ ቀብድ አትክፈሉ

እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው የሠርግ ወቅት ስለገባ ነው። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ ድረስ ባሕር ዳር ውስጥ ፀጉር ቤት ወረፋ ማግኘት ጭንቅ ነው። ሚዜው ብዙ፣ ቀኑ ጥቂት። ይህን ጥድፊያ አይተው በቴሌግራምና በቲክቶክ «የሚዜ ፓኬጅ» የሚሸጡ አሉ። ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ወይም ሮዝ ፀጉር፣ ከደማቅ የዓይን ሜካፕ ጋር፣ ሁሉም በአንድ ቀን። ከሥሩ በትልቁ «ያለ ብሊች! ፀጉር አይጎዳም! ስድስት ወር ይቆያል!» ተብሎ ተጽፏል። ዋጋው 3,500 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 1,500ው ቀብድ ተብሎ በቴሌብር ቀድሞ ይከፈላል።

እባካችሁ አትክፈሉ።

የቤቱን ስም አልጠራም። ብጠራውም ብዙ አይጠቅማችሁም፤ ያው ማስታወቂያ ከነፎቶው በሌላ ስም ሲወጣ አይቻለሁ። ከስሙ ይልቅ አሠራሩን እወቁት።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ደማቅ ቀለም ጠልቼ አይደለም። ፔዳና ፖሊ በሚባሉት የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች አካባቢ ሐምራዊ ፀጉር ለቀው፣ አረንጓዴ አይላይነር ስበው የሚሄዱ ልጆችን ሳይ ደስ ይለኛል። «ምን ሆና ነው?» እያለ ዞሮ የሚያይ ሰው አይጠፋም፤ ይሁን፣ ፀጉሩ የእሷ ነው። የሚያናድደኝ፣ አዲስ ነገር ለመሞከር ደፍራ የወጣችን ልጅ ዋሽቶ ገንዘቧንም ፀጉሯንም የሚወስድ ሰው ነው።

ውሸቱ የሚጀምረው «ያለ ብሊች» ከሚለው ቃል ነው። የእኛ ፀጉር ጥቁር ነው። ሰማያዊና ሮዝ የሚባሉት ደማቅ ቀለሞች ፀጉርን አያነጡም፤ ባለበት ላይ ይለጠፋሉ። በጥቁር ፀጉር ላይ ሲቀቡ ፀሐይ ላይ ካልሆነ በቀር አይታዩም። እንደ ፎቶው እንዲያበሩ መጀመሪያ የፀጉሩ የራሱ ጥቁር ቀለም መውጣት አለበት። ያን የሚያወጣው ብሊች ነው፤ ዱቄቱ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ማለትም ከዴቨሎፐር ጋር ይበጠበጣል። ጥቁር ፀጉር በብሊች መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ከዚያ ቢጫ፣ በመጨረሻ ፈዛዛ ቢጫ። ሰማያዊው በትክክል የሚይዘው እዚያ ሲደርስ ነው። እዚያ ለመድረስ ደግሞ ጥቁር ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን አይበቃውም። መሐል ላይ እያረፈ በተለያየ ቀን ነው የሚሠራው። ስለዚህ «ያለ ብሊች፣ በአንድ ቀን» ያላችሁ ሰው ወይ ቀለሙ አይታይም፣ ወይ ብሊቹን ደብቆ ይቀባችኋል።

ታናሽ እህቴን የገጠማት ሁለተኛው ነው። የጓደኛዋ ሚዜ ነበረች፤ አብሬያት ሄድኩ። ፀጉሯን ከጥቂት ሳምንት በፊት ሪላክሰር፣ ማለትም ጥቅልል ፀጉርን ቀጥ የሚያደርገውን ኬሚካል፣ ተሠርታ ነበር። ማንም አልጠየቃትም። ፀጉር ሠሪዋ ሴትዮ ከመደርደሪያ ሥር የማርማላታ ባዶ ጣሳ አወጣች። ውስጡ ነጣ ያለ ሰማያዊ ዱቄት አለ። ማሸጊያ የለው፣ ጽሑፍ የለው። «ምንድን ነው?» ስላት «ማለስለሻ ነው» አለችኝ። ስትበጠብጠው ሽታው ከበር ድረስ ዓይን ያስለቅሳል። ማለስለሻ እንዲህ አይሸትም። ቀብታ በፎይል ጠቀለለችው፣ ከዚያ ካስክ ውስጥ አስገባቻት።

እህቴ ትንሽ ቆይታ «ያቃጥለኛል» አለች።

«ትንሽ ያዝ ያደርጋል፣ አይዞሽ እታለም፤ እየሠራ ነው እኮ።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር አስታውሷት። ብሊች ቀለል ያለ ማሳከክ ሊኖረው ይችላል። ማቃጠል ግን «እየሠራ ነው» ማለት አይደለም፤ «አሁኑኑ ይታጠብ» ማለት ነው። በፎይል ተጠቅልሎ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ኃይሉ ይብሳል፣ ቆዳም ያቃጥላል። ዴቨሎፐሩም ደረጃ አለው። ጠርሙሱ ላይ 20 የሚለው 6 በመቶ ፐርኦክሳይድ ነው፤ 30 የሚለው 9 በመቶ፣ 40 የሚለው 12 በመቶ። 40ው የራስ ቆዳ ሊነካ አይገባውም። ለቸኮለ ሰው ግን ፈጣን ስለሆነ ይመረጣል። የትኛውን እንደቀባቻት እስከ ዛሬ አላወቅንም። የማርማላታ ጣሳ ቁጥር አይጽፍም።

ሲታጠብ ግንባሯ አጠገብ ያለው ፀጉር ብርቱካናማ ነው፣ ጫፉ ቢጫ፣ መሐሉ ቡኒ። ሴትዮዋ ማበጠሪያ ስትሰድበት እርጥቡ ፀጉር እንደ ላስቲክ ተለጠጠና ተበጠሰ። እፍኝ ሙሉ ማበጠሪያው ላይ ቀረ። ሪላክሰር የፀጉርን ውስጣዊ ማሠሪያ ይሰብራል፤ ብሊችም እንዲሁ። ሁለቱ ሲደራረቡ ፀጉሩ የሚይዘው ነገር አይኖረውም። ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሪላክሰር ተሠርተሻል ወይ? ሂና ተቀብተሻል ወይ?» ብሎ ነው። ሂናው ለምን? በገበያ ያለው አንዳንዱ ሂና የብረታ ብረት ጨው ይቀላቀልበታል። ያ ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ ፀጉሩን ይበላዋል።

ሰማያዊው ከላይ ተለቀለቀ። ፎቶ ላይ አምሮ ነበር፣ አልዋሽም። ሁለቴ ሦስቴ ሲታጠብ አረንጓዴ ሆነ፤ ከሥሩ ያለው ቢጫ ስለሆነ ሰማያዊው ሲሳሳ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቀለም በእያንዳንዱ እጥበት የሚለቅ ነው፤ ስድስት ወር የሚባል ነገር የለውም። ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ጣና ዳር ቀኑን ሙሉ ፎቶ ስትነሱ የምታገኛችሁ ፀሐይም የራሷን ታክልበታለች።

የእህቴ የራስ ቆዳ በሁለት ቦታ ውኃ ቋጠረ። እናታችን እንደ ልማዷ ቅቤ ልትቀባት ነበር። እዚህ ላይ ላስጠንቅቅ። ቅቤ ለጤነኛ ፀጉር የእናቶቻችን ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። በኬሚካል የተቃጠለ ቆዳ ላይ ግን አይቀባም። መጀመሪያ ብዙ ቀዝቃዛ ውኃ፣ 20 ደቂቃ ያህል እየፈሰሰበት። ከዚያ ሐኪም ቤት።

አሁን ወደ ዓይኑ ልምጣ። እኔን ከፀጉሩ ይልቅ ያስፈራኝ እሱ ነው። ፀጉር ያድጋል።

ፓኬጁ ውስጥ «ኒዮን አይሻዶውና ግሊተር» የሚል አለ። የቀለሙ ሳጥን ላይ የአምራች ስም የለም፣ የተሠራበት ቀን የለም፣ ከምን እንደተሠራ የሚል አንድ መስመር የለም። ኒዮን ቀለም ሁሉ ለዓይን አይሆንም። ለጥፍር ወይም ለሰውነት የሚፈቀድና ለዓይን አካባቢ የማይፈቀድ ቀለም አለ፤ ይህን የሚነግራችሁ ማሸጊያው ብቻ ነው። ግሊተሩ ይባስ። ሴትዮዋ የያዘችው ለካርድና ለዲኮር የሚሸጠው ዓይነት ነበር፣ ጠርዙ የሚሻክር። እንዲህ ያለው ዓይን ውስጥ ከገባ ብሌኑን ይጭራል። ለፊት ተብሎ የሚሠራው ደቀቅ ያለና ጠርዙ የማይቆርጥ ነው።

ማስካራውን ደግሞ አየሁት። ከእህቴ በፊት ለተቀመጠችው ልጅ የቀባችበትን ብሩሽ መልሳ ጠርሙሱ ውስጥ ነክራ ለእህቴ ቀባቻት። እንዲህ ነው የዓይን ኢንፌክሽን ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚሄደው። በጠርሙሱ ላይ የተከፈተ ክዳን የምትመስል ትንሽ ሥዕል አለች፤ ውስጧ 6 ወይም 12 ይላል። ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል ነው። ማስካራን ግን የዓይን ሐኪሞች በየሦስት ወሩ ጣሉት ይላሉ። ጥሩ ሜካፕ ሠሪ የሚጣል ብሩሽ ይዛ ትመጣለች፣ ለእያንዳንዷ ሰው አንድ። ወይም «የራስሽን ማስካራ አምጪ» ትላለች። በማግስቱ የእህቴ የዓይን ቆብ አብጦ አንዱ ዓይኗ አልከፈት አለ። ጤና ጣቢያ ሄደን ሁሉንም አቁሚ ተባለች፣ ጠብታ ተሰጣት፣ ዳነች። እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ እግዚአብሔር አወጣን። ሴትዮዋ «ቅንድብሽንና ሽፋሽፍትሽን በፀጉር ቀለም ጥቁር ላድርግልሽ፣ በነጻ» ብላ ነበር። በጥቁር የፀጉር ቀለም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ። ብዙ ሰው ሳይጎዳ ይጠቀምበታል። አለርጂ ያለበትን ሰው ግን ፊቱን አሳብጦ ዓይኑን ይደፍናል። አንዴ አለርጂው ከጀመረ ዕድሜ ልክ ነው። ለዓይን አካባቢ ፈጽሞ አይሆንም፤ ካርቶኑ ላይ ራሱ ተጽፏል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ላሽ ሉር የሚባል የሽፋሽፍት ቀለም በዚህ ዓይነት ኬሚካል ተሠርቶ ሰው አሳውሯል። ከዚያ በኋላ ነው በ1938 ኮስሜቲክስንም የሚቆጣጠር ሕግ ያወጡት። እኛ ዛሬ በነጻ ሲሰጠን «እሺ» ማለት የለብንም። ለሠርግ እጅ ላይ የሚሣለው «ጥቁር ሂና»ም ያው ነው። ንጹሕ ሂና ቀይ ቡኒ ነው የሚወጣው። ወዲያው ጥቁር የሚሆን ከሆነ ፒፒዲ ተቀላቅሎበታል ብላችሁ ተጠንቀቁ።

ለዚህ ነው ከመቀባት 48 ሰዓት በፊት ትንሽ ቀለም ከጆሮ ጀርባ ወይም ክንድ መታጠፊያ ላይ ተቀብቶ የሚሞከረው። ቀብድ ተቀብሎ ለጠዋቱ ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው ይህን ሙከራ ሊያደርግ አይችልም። ጊዜው ራሱ አይፈቅድለትም።

ገንዘቡን ስንጠይቅ «ቀብድ አይመለስም፣ ፀጉርሽ ደካማ መሆኑን ሳትነግሪን» አለች። ደረሰኝ ጠየቅን፣ የለም። ማታ ላይ በቴሌግራም ብሎክ አደረገችን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን እንዲያሳውቅና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ደረሰኝ ሲጠየቅ የሚኮሳተር ቤት ካያችሁ፣ ነገ የምትከሱበት ወረቀት እንዳይኖራችሁ የሚፈልግ ነው። ማሸጊያ የሌለው ወይም የተጠረጠረ ኮስሜቲክስ ደግሞ የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጉዳይ ነው። በ8482 በነጻ ይደወላል።

ታዲያ ደማቅ ቀለም ይቅር? ኧረ አይቅር! እዚሁ ባሕር ዳር ሥራቸውን የሚያውቁ፣ የሚያኮሩ ባለሙያዎች አሉ። አንዷ ሌላ ጊዜ «ሪላክሰር ከተሠራሽ ገና ነሽ፣ አልሠራልሽም፤ ሲያድግ ነይ» ብላ መልሳናለች። ገበያዋን ትታ ማለት ነው። እሷን የመሰለ ሰው ስታገኙ አትልቀቁ። ወንበር ላይ ሳትቀመጡ ካርቶኑን አሳዩኝ በሉ። ዱቄቱም ዴቨሎፐሩም ቀለሙም ከነማሸጊያቸው ፊታችሁ ይከፈቱ። ከጆሮ ጀርባ አንዲት ዘለላ ፀጉር ላይ ይሞክሩላችሁ፤ ያቺ ዘለላ ከተበጠሰች ሌላው አይነካም። በማስታወቂያው ፎቶ ላይ የፀጉሩን ሥር ፈልጉ። በአንዱም ፎቶ ላይ ሥሩ ካልታየ ዊግ ሊሆን ይችላል። የራሳቸውን ደንበኛ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች በቪዲዮ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ።

ለአንድ ሠርግ ብቻ ከሆነ ደግሞ ብሊች ምን ያደርጋል? ባለ ቀለም ብሬድ በሹሩባ አስገቡ። ባለ ቀለም ዊግ ተከራዩ። በአንድ እጥበት የሚለቅ የፀጉር ቀለም ሰም አለ፤ ጥቁር ፀጉር ላይም ይታያል፣ ማታ ይታጠባል። እህቴ አሁን ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣለች። ለሚቀጥለው ሠርግ ሮዝ ብሬድ ልትሠራ ነው ያሰበችው፤ እኔም ደስ ብሎኛል።

ቀብዱን ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ የቴሌብሩን መልእክት አታጥፉ። የማስታወቂያውንና የጭውውቱን ስክሪን ሾት አሁኑኑ አንሱ፤ ብሎክ ካደረጓችሁ በኋላ ማስታወቂያው ይጠፋል። ከዚያ ያን ይዛችሁ ወደ ክፍለ ከተማችሁ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።