ቀፊራ በጠዋት
ለድሬዳዋ ልጅ የከተማዋን ገበያ ቀፊራን መገምገም እናቱን እንደ መገምገም ነው፤ ቢሆንም እሞክራለሁ። ከዓመታት በኋላ ባለፈው ሳምንት ከከዚራ ሰፈር በባጃጅ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ደረስኩ። ከረፈደ የድሬ ፀሐይ አያስገበይም።

ባቡር በ1895 ዓ.ም. የፈጠራት ከተማ ናትና ገበያዋም መንገደኛ ይመስላል። ዋጋ በአማርኛ ጠየቅሁ፣ በኦሮምኛ ተመለሰልኝ፣ ጎን ያለችው በሶማሊኛ ሳቀችብኝ። የገበያው ቅስቶች አሁንም ግርማ አላቸው፤ ከሥራቸው ያለው ጭቃና የተጣለ ልጣጭ ግን ያሳፍራል።

ከሁሉ የግመል ወተቱ! ዕቃው በጢስ ስለሚታጠን መጀመሪያ አፍንጫን፣ ቀጥሎ ምላስን ይይዛል። ለለመደ ብቻ ነው እላለሁ፤ አብሮኝ የመጣው የአዲስ አበባ ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ ዝም አለ።

ጊሽጣ ከመግዛታችሁ በፊት በአውራ ጣት ጫን አድርጉት፤ እሺ ካለ ለዛሬ፣ እምቢ ካለ ለነገ ወዲያ ነው። አንዷ ሻጭ ከሥር የፈረጠ ፓፓያ ሸጉጣልኝ ቤት ስደርስ አየሁት። ሌላዋ ግን «እንካ ልጄ፣ ምራቂ» ብላ ሦስት ዘይቱና ጨመረችልኝ። ተካካሱ።

ዘንቢልና ዝርዝር ብር ይዛችሁ ሂዱ።