የማርሚታ ስቱኮና ፋሻ፦ ከስምንት ወር በኋላ

መኪናዬ ዕድሜዋ ገፍቷል። ጠዋት ስትነሳ ከሞተሩ በኩል ጠቅ ጠቅ ትላለች፤ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። እኔም "ተሻላት" እያልኩ ከረምኩ። ለካ የጭስ ቱቦው ያፈስ ኖሯል፤ ብረቱ ሲግል ሰፋ ብሎ ክፍተቱን እየደፈነው ነው።

አንድ ቀን ሞተሩ ሳይሞቅ ደጅ ላይ አስነሳኋት። ወንድሜ የጭስ መውጫውን በእርጥብ ጨርቅ ለአፍታ ያዝ ሲያደርገው ሁለት ቦታ ፉጨት ተሰማ። አንደኛው ከማርሚታው (የጭሱን ድምፅ ከሚያፍነው ሣጥን) ፊት ያለው ቱቦ ላይ፣ የእስክሪብቶ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ። ሁለተኛው ቱቦው ከማኒፎልዱ (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ከሚሰበስበው ብረት) ጋር የሚታሰርበት። ዙሪያው ጥላሸት ለብሷል።

ሙቀት የሚችለውን ስቱኮና ፋሻውን ገዛሁ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ዝገቱን በደንብ ሳልፍቅ ለጠፍኩ፣ ወዲያው ነዳሁ። ውስጡ ያለው እርጥበት ፈልቶ ስቱኮውን አረፋ አደረገውና ረገፈ። በሁለተኛው ብረቱ እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት፣ መመሪያው እንደሚለው በውሃ አረጠብኩት፣ ለጥፌ አሳደርኩት። ጠዋት በሚኒሞ ብቻ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ፣ አሥር ደቂቃ አሞቅኩት። ከዚያ ፋሻውን ጠቀለልኩበት። ይኸው ስምንት ወር፣ ጭስ የለም።

ማኒፎልዱ ጋ ግን ስቱኮው ሦስት ሳምንትም አልቆየ። ሲደርቅ እንደ ሸክላ ነው፤ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይሰነጠቃል። መፍትሔው አዲስ ጓርኒሲዮን (በሁለቱ ብረቶች መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ የዛገውን ቡሎን መፍታቱ ግን ግማሽ ቀን በላኝ። አንዱ ተሰብሮም ቀረ። እሱን ወደ ጋራዥ ወሰድኩት፣ አላፍርም። ከዚያ በኋላ ነዳጅ መብላቷ ቀነሰ። ክፍተቱ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ከሚለካው ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ስለነበር፣ የሚገባው የውጭ አየር ሴንሰሩን ያታልለዋል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ አነሰ ብሎ ይጨምራል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሞተር ተነስቶ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ እንዳትሞክሩት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥርም አትግቡ፤ ማቆሚያ እግር አድርጉላት።

ፋሻው ጠርዙ ላይ መላጥ ጀምሯል። ሰሞኑን በካቻቢቴ ጫፍ ከፋሻው አለፍ ብዬ ቱቦውን ነካ ነካ ሳደርገው ስስ ሆኖ ተሰማኝ። ለሚቀጥለው ክረምት ቱቦውን ራሱን መቀየሬ አይቀርም።